ነጭን ከነጭ የሚለየው ጥላ

የኮምጣጤ ሽታ በአፍንጫዬ ባለፈ ቁጥር ኅሊናዬ ፈጥኖ የሚሄደው በወጣትነቴ ሙያ ወደ ተማርኩበት፣ ፒያሳ ውስጥ ካሉት ጠባብ መንገዶች በአንዱ ላይ ወደ ነበረው ፎቶ ቤት፣ ከፎቶ ቤቱም በስተኋላ በድርብ ጥቁር መጋረጃ ተሸፍኖ ወደ ነበረው ጨለማ ክፍል፣ በዚያም በደብዛዛ ቀይ መብራት ሥር ጎንበስ ብለው የሰውን መልክ ከፈሳሽ ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ብርሃን ያወጡ ወደ ነበሩት ወደ መምህሬ ነው። በቅርቡም ከዕቃ ቤታችን ጥግ አንድ የቆርቆሮ ሣጥን ተገኝቶ ክዳኑ በተከፈተ ጊዜ ያው ሽታ ክፍሉን ሞላው። በሣጥኑ ውስጥ የነበሩት ፎቶ ቤቱ ሲዘጋ መምህሬ «አንተ ዘንድ ይቀመጡ» ብለው ያስረከቡኝ አሮጌ ኔጌቲቮች ናቸው። ፊልሞቹ የተሠሩበት ሴሉሎስ አሲቴት የተባለው ነገር ሙቀትና እርጥበት ሲያገኘው በዘመን ብዛት እየፈረሰ አሲቲክ አሲድ ያወጣል፤ ለኮምጣጤ ጠረኑን የሚሰጠውም ይኸው አሲድ ነው። በጨለማ ክፍሉም ውስጥ ምስሉን የሚያወጣውን የዴቬሎፐሩን ሥራ ለማስቆም ወረቀቱን የምንነክርበት ፈሳሽ የሚዘጋጀው ከዚሁ አሲድ ነበርና፣ ፎቶግራፉ በተወለደበት ሰዓት የነበረው ሽታና በእርጅናው ጊዜ ከገላው የሚወጣው ሽታ አንድ ሆኖ ተገኘ። ያን ዘመን ለማስታወስ ከዚህ የበለጠ ቀስቃሽ አላስፈለገኝም።

ያ ፎቶ ቤት ከፊት ለፊት ሲታይ በዘመኑ ከነበሩት ከሌሎቹ የሚለይ አልነበረም። በመስኮቱ ውስጥ የሙሽሮችና የተመራቂዎች ሥዕል ተደርድሮ፣ ወደ ውስጥ ሲገባ ደግሞ በግድግዳው ላይ ትልቅ መስታወት፣ ከመስታወቱም ጎን በክር የታሰረ ማበጠሪያ፣ ለጉርድ ፎቶግራፍ የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚዋሰው አንድ ጥቁር ኮትና አንድ ከረባት ተሰቅለው ይታዩ ነበር። በስተመጨረሻው ግድግዳ ላይ የተዘረጋው ሸራ ግን ከሁሉ ይበልጥ ዓይን ይስባል፤ በእርሱም ላይ ሰማያዊ ሐይቅ፣ ከሐይቁ ማዶ ተራራ፣ ከሐይቁም ወዲህ የድንጋይ ዓምድና የአበባ ማስቀመጫ ተስሎበት ነበርና፣ ከመርካቶ ወይም ከጉለሌ የመጣ ሰው በዚያ ፊት ለጥቂት ደቂቃ ተቀምጦ ዓይቶት የማያውቀው ሐይቅ ባለቤት ሆኖ ይመለስ ነበር። የፎቶግራፍ ጥበብ በአዲስ አበባ ሥር የሰደደው ቀደም ብሎ ነው። የአርመን ተወላጁ ቤድሮስ ቦያጂያን በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ሆነው ሲያገለግሉ፣ ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶርኮምም ሙያውን ወርሰው ከእርሳቸው በኋላ ገፍተውበታል፤ ከዚያ የተረፈውም ልማድ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ እንደ መምህሬ ላሉት ባለሙያዎች ደርሶ ነበር።

መምህሬ ከካሜራው ይልቅ የሚታወቁት ሪተች በሚባለው፣ ኔጌቲቭን በእጅ በማረም ሥራቸው ነው። በመስኮቱ አጠገብ ዘንበል ብላ የቆመች ትንሽ ጠረጴዛ ነበረቻቸው፤ በመካከሏ ሸካራ መስታወት ገብቶባት፣ ከሥሯም ብርሃኑን ወደ ላይ የሚመልስ ሌላ መስታወት ተጋድሞባት፣ ኔጌቲቩ በላይዋ ሲቀመጥ ከታች በርቶ ይታያል። በዚያች ጠረጴዛ ላይ በቀጭኑ በተቀረጸ እርሳስ የሽማግሌን የፊት መጨማደድ ያለሰልሳሉ፤ በስለት ጫፍ ከፊልሙ ገጽ ጥቂት ፍቀው በኔጌቲቩ ላይ የጠቆረውን ያነጣሉ። ደንበኛው ከኋላው ያለው ነገር እንዲጠፋለት ሲለምን ደግሞ ሌላውን ዕቃቸውን ያወጣሉ። ይኸውም ኦፔክ የሚባለው ወፍራም ቀይ ቀለም ነበር። ቀለሙ በኔጌቲቩ ላይ ከሰውየው ቅርጽ ውጭ ያለውን ሁሉ ሲሸፍነው ብርሃን በዚያ በኩል ማለፍ ይሳነዋል፤ ብርሃን ያልደረሰበትም ወረቀት ሳይጠቁር ነጭ ሆኖ ይቀራል። ቀለሙ ወደ ቀይ ያደላው ለጌጥ ሲባል አልነበረም፤ የማተሚያው ወረቀት ቀይ ብርሃንን የማያይ በመሆኑ፣ ቀለሙ ሳስቶ ቢገኝ እንኳ በእርሱ አልፎ የሚመጣው ብርሃን ወረቀቱን አይነካውም። እኔ በዚያን ጊዜ ይህን ባየሁ ቁጥር፣ በኔጌቲቭ ላይ የሚሠራ ሰው ለማንጣት የሚያጠቁር፣ ለመግለጥም የሚሸፍን መሆኑ እጅግ ይመስጠኝ ነበር።

ሰዎች ዳራቸውን ለማስጠፋት የሚያቀርቡት ምክንያት ልዩ ልዩ ነበር። አንዱ ለፓስፖርት ነጭ ግድግዳ ይፈልጋል፤ ሌላው በሰርግ ላይ አብሮት የተነሣውንና ኋላ የተጣላውን ሰው ማየት አይሻም። ከሁሉ ይልቅ የሚበዙት ግን አንድ ላይ ተነሥተው የማያውቁትን ሰዎች በአንድ ወረቀት ላይ ማየት የሚፈልጉት ነበሩ። ልጇ በወሊድ የሞተችባት እናት፣ ባሏ በሩቅ ጦር ግንባር የቀረባት ሚስት፣ አባቱን በመልክ የማያውቅ ወጣት አንዲት የደበዘዘች ጉርድ ፎቶግራፍ በመሐረብ ጠቅልለው ያመጣሉ። መምህሬም ሥዕሏን አሳድገው ያትሙና፣ ቅርጹን በስለት ተከትለው ከዳራው ይለዩታል፤ ጠርዙን ከበስተኋላው በአሸዋ ወረቀት አሳስተው፣ በሌላው ሥዕል ላይ ለጥፈው፣ መጋጠሚያውን በብሩሽ አዋሕደው እንደገና በካሜራ ያነሡታል። ሥራው ቀናትን ይወስድ ነበር። ባለቤቶቹ ሊወስዱት በመጡ ጊዜ በዚያች ጠባብ ክፍል የሚሆነውን ዝምታ፣ ከዝምታውም በኋላ የሚከተለውን ልቅሶ ያየ ሰው፣ ዳራን የማጥፋት ሥራ ቀላል የእጅ ሥራ ነው ለማለት ድፍረት አይኖረውም።

መምህሬ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት የቀሰሙ፣ በብራና ላይ የተሳሉትንም ሥዕላት በፍቅር የተመለከቱ ሰው ነበሩ። ከቀኑ ሥራ በኋላ ቡና ሲጠጡ፣ የጎንደር ሠዓሊዎች በ17ኛው መቶ ዓመት ቅዱሳኑን ሲስሉ ከበስተኋላቸው ያለውን ብራና ብዙውን ጊዜ ባዶውን ይተዉት እንደነበር፣ በ18ኛው መቶ ዓመት ግን ዳራው ከቢጫ ወደ ቀይና ወደ አረንጓዴ እየተሸጋገረ በቀለም መሞላት እንደጀመረ ይነግሩኝ ነበር። ከሰው በስተኋላ ያለው ሥፍራ ይሞላ ወይስ ባዶ ይቅር የሚለው ጥያቄ ከካሜራ በፊት የነበረ፣ በአገራችንም ጥበበኞች ዘንድ በየዘመኑ ልዩ ልዩ መልስ ያገኘ መሆኑን የተረዳሁት ከእርሳቸው ነው።

ዛሬ ያን ሁሉ ሥራ የሚሠራው በኮምፒዩተር የተጻፈ አጭር ትእዛዝ ነው፤ ወጣቶቹ ስክሪፕት ይሉታል። የእኅቴ ልጅ የመታሰቢያ መጽሔትና ባነር በሚያዘጋጅ ማተሚያ ቤት የምትሠራ ናትና፣ በየዕለቱ የሚመጣላት የፎቶግራፍ ብዛት እያንዳንዱን በእጅ ለመቁረጥ ጊዜ የሚሰጥ አልሆነም። ስለዚህ ፓይተን በተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ፣ ለሥዕል ሥራ የተዘጋጀውን ፒሎው የተባለውን የመሣሪያ ስብስብ ይዛ የራሷን ትእዛዝ ጻፈች። ሥዕሉን ኮፒ ስታደርገው ክሊፕቦርድ በተባለው፣ በኮምፒዩተሩ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ባለው ጊዜያዊ ማረፊያ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ቁልፎችን አብራ ስትጫን ትእዛዙ ሥዕሉን ከማረፊያው አንሥቶ፣ ዳራውን አጥፍቶ፣ መልሶ እዚያው ያኖርላታል፤ እርሷም በፈለገችው ገጽ ላይ ፔስት ታደርገዋለች። መቁረጥንና መለጠፍን ዛሬ በምናውቀው መልክ ያበጁት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በፓሎ አልቶ በነበረው የዜሮክስ የምርምር ማእከል ላሪ ቴስለርና ባልደረባው ቲም ሞት ሲሆኑ፣ አርአያ ያደረጉትም የጽሑፍ አዘጋጆችን መቀስና ሙጫ ነው። የመምህሬ ስለትና ሙጫ፣ መልካቸው ተለውጦ፣ በዚያች ማረፊያ ውስጥ አሉ ማለት ነው።

የማይታየውን ነገር በቁጥር የመጻፍ ጥበብም የራሱ ታሪክ አለው። በኮምፒዩተር ሥዕል ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ነጥብ የቀዩ፣ የአረንጓዴውና የሰማያዊው ቀለም መጠን ከ0 እስከ 255 ባለው ቁጥር ይመዘገብለታል። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ በኒው ዮርክ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበሩት ኤድ ካትመልና አልቪ ሬይ ስሚዝ በእነዚህ ላይ አልፋ የተባለውን አራተኛ ቁጥር ጨመሩ፤ አልፋው 255 ሲሆን ነጥቡ ከኋላው ያለውን ሁሉ ይጋርዳል፣ 0 ሲሆን ብርሃንን ሙሉ በሙሉ ያሳልፋል፣ በመካከል ያሉት ቁጥሮች ደግሞ ከረቂቁ ወደ ግዙፉ የሚወስዱ ደረጃዎች ናቸው። በ1984 እ.ኤ.አ. ቶማስ ፖርተርና ቶም ደፍ ሥዕል በሥዕል ላይ የሚደረብበትን ሒሳብ አስፍረው አሳተሙ፤ በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው ፒኤንጂ የተባለው የሥዕል ማስቀመጫ ዐይነትም ይህን አራተኛ ቁጥር ይዞ የሚጓዝ ሆነ። ለፎቶግራፍ በብዛት የምንጠቀምበት ጄፔግ ግን ይህን አይዝም።

ይህን ትእዛዝ ከአሮጌው ሙያዬ ጋር ያገናኘው የእናቴ ፎቶግራፍ ነው። ለሙት ዓመቷ መታሰቢያ እንዲሆን ከቆርቆሮው ሣጥን አንዱን ኔጌቲቭ መረጥን። እናቴ በበዓል ቀን ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ፣ ጥለቱ ሰፊ የሆነ ነጠላዋን ተከናንባ፣ በኖራ በተቀባው የቤታችን ግድግዳ ፊት ቆማ የተነሣችው ነው። የዚያን ዕለት መምህሬ ለእንግድነት ቤታችን መጥተው ካሜራውን ለእኔ ሰጡኝና፣ እርሳቸው ብርሃን የሚመልሰውን ነጭ ካርቶን ይዘው በጎን ቆሙ። እናቴን ከግድግዳው አንድ እርምጃ ወደ ፊት አስጠጓት፤ ከዚያም ካርቶኑን ቀስ ብለው ወደ ኋላ ሸሸት አደረጉት። ፊቷ እንዳይጨልም ሠግቼ ስጠይቃቸው «ልጄ፣ ብርሃን ከበዛ ነጠላውና ግድግዳው አንድ ይሆናሉ፤ ነጭን ከነጭ የሚለየው ጥላ ነው» አሉኝ። ነገሩ የገባኝ ፎቶግራፉ ታጥቦ በወጣ ጊዜ ሲሆን፣ ሙሉ ትርጉሙ የተገለጠልኝ ግን ከብዙ ዘመን በኋላ በእኅቴ ልጅ ኮምፒዩተር ፊት ነው።

ኔጌቲቩን በስካነር አንሥታ፣ ጥቁሩን ወደ ነጭ ነጩንም ወደ ጥቁር መልሳ፣ ቁልፎቹን በተጫነች ጊዜ ግድግዳው ጠፋ፤ ነጠላውም አብሮ ጠፋ። በአየር ላይ የተንሳፈፈ ፊት፣ ሁለት እጆችና ከማንም ጋር ያልተያያዘ የጥለት መስመር ብቻ ቀረ። «ጋሼ፣ ግድግዳውን ብቻ እንዲያነሣ ነበር የፈለግሁት፤ የእማማን ነጠላ ግን ምን ብዬ ልንገረው?» አለችኝ። ትእዛዙ የታዘዘውን በታማኝነት ፈጽሟል፤ ወደ 255 የቀረበ ነጥብ ሁሉ አልፋው 0 ይሁን ተብሎ ተጽፎለታልና፣ የኖራውን ነጭ ከሸማኔው ነጭ፣ ይህንንም ከዓይን ነጭ የሚለይበት ምንም ዕውቀት አልተሰጠውም። ነጭ ለመልበስ ልዩ ፍቅር ባለው ሕዝብ ዘንድ ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም፤ በጥምቀት፣ በሰርግና በለቅሶ የተነሡት ሥዕሎቻችን አብዛኞቹ ከዚህ ችግር ጋር የሚገናኙ ናቸውና።

ያን ጊዜ መምህሬ ኦፔኩን እንዴት ይቀቡ እንደነበር ነገርኋት። እርሳቸው በሥዕሉ ላይ ነጭ የሆነውን ሁሉ እየፈለጉ አይሸፍኑም፤ ከአራቱ ማእዘናት ጀምረው ወደ ሰውየው ይገሰግሳሉ፣ ቅርጹ ዘንድ ሲደርሱም ይቆማሉ። በፒሎው ውስጥ ይህን የሚመስል አሠራር አለ፤ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ ተመሳሳይ የሆኑትን ጎረቤቶች እየያዘ የሚስፋፋ፣ ልዩነት ያለው ነጥብ ሲያጋጥመው ግን የሚቆም ነው፤ ወደ እርሻ የተለቀቀ ውኃ እርከን ሲያገኝ እንደሚቆም ማለት ነው። የእኅቴ ልጅ ትእዛዙን በዚህ መሠረት አሻሽላ ከአራቱ ማእዘናት እንዲጀምር አደረገችው። ውኃው የግድግዳውን ነጭ እየዋጠ መጥቶ በጥለቱ ዘንድ ቆመ፤ በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ግራጫ ሆኖ የተመዘገበው ጥለት ነጠላውን እንደ ቅጥር ጠበቀላት። ጥለት በሌለበት በትከሻዋ በኩል ግን መንገድ አግኝቶ ወደ ውስጥ ሰረገ።

መፍትሔው የተገኘው ትእዛዙ ልዩነት ብሎ የሚቆጥረውን መጠን በማሳነስ ነው። መጠኑ ሰፊ ሲሆን በጥቂቱ የጠቆረውም ነጭ እንደ ነጭ ይቆጠራል፤ ሲጠብ ግን ስስ ጥላ እንኳ ለመቆሚያ ይበቃል። መጠኑ እየጠበበ በሄደ ጊዜ በትከሻዋና በግድግዳው መካከል ዓይን በግድ የሚያስተውለው ግራጫ መስመር ወጣ፤ ውኃውም በዚያ ላይ ቆመ፤ ነጠላው ሙሉ በሙሉ ተመለሰ። ያ መስመር መምህሬ ካርቶኑን ወደ ኋላ በማሸሻቸው የቀረ ጥላ ነበር። ኮምፒዩተር በቤታችን ባልታወቀበት ዘመን አንድ አረጋዊ በእጃቸው ያስቀሩት ጥላ፣ ዛሬ በቁጥር ለሚያስብ መሣሪያ የእናቴን ልብስ ከግድግዳ የሚለይበት ብቸኛ ምልክት ሆኖ ሲገኝ ያየሁ ቀን፣ ጥበብ ከባለቤቱ ሞት በኋላም በሥራው ውስጥ ተቀምጦ እንደሚያገለግል በዓይኔ አረጋገጥሁ።

ከዚህ በኋላ የቀረው የጠርዙ ሥራ ነበር። ጠጉር በዳራው ላይ በሚያልቅበት ሥፍራ ያሉት ነጥቦች ከጠጉሩም ከግድግዳውም ቀለም የተካፈሉ ናቸውና፣ ዳራው በአንድ ጊዜ ሲቆረጥ በጠጉሩ ዙሪያ ነጭ ቅሪት ይተዋል፤ ሥዕሉ በጥቁር ገጽ ላይ ሲለጠፍ ይህ ቅሪት ጎልቶ ያሳፍራል። መምህሬ በጠጉር አጠገብ ብሩሻቸውን አድርቀው፣ ኦፔኩን ቀስ በቀስ እያሳሱ ያልፉ ነበር፤ የእኅቴ ልጅም በመካከል ያሉትን የአልፋ ቁጥሮች ለጠርዙ በማደል ያንኑ አደረገች። የተጣራውን ሥዕል ወደ ክሊፕቦርዱ ስትመልሰው ደግሞ ሌላ ነገር ተከሠተ፤ አንዳንድ ፕሮግራሞች ሥዕሉን የሚቀበሉት አራተኛውን ቁጥር በማይጠብቅ አሮጌ ዐይነት ስለሆነ፣ ግልጽ የነበረው ሥፍራ ጥቁር ሆኖ ወጣ። በፒኤንጂ ዐይነት እንዲያልፍ ስትወስን ነገሩ ተስተካከለ፤ እናቴም ግድግዳ በሌለው ብርሃን ውስጥ ቆማ ታየች።

ሥዕሉ አምሮ ነበር፤ ቤተ ዘመድም ሁሉ ደስ ብሎት ተቀበለው። እኔ ግን ወደ መጀመሪያው ኔጌቲቭ ተመለስሁ። በእርሱ የግራ ጠርዝ፣ ሁልጊዜ ሲታተም በሚቆረጠው ክፍል ላይ፣ ነጭ ካርቶን የያዘ አንድ እጅ ይታያል። የጋዋኑ እጅጌ ተጠቅልሏል፤ በዴቬሎፐር ብዛት የጠቆሩት ጥፍሮች በኔጌቲቩ ላይ ነጥተው ያበራሉ። የመምህሬ እጅ ነው። የሰውን ሁሉ መልክ ሲያወጡ የኖሩ ሰው የራሳቸውን ፎቶግራፍ አላስቀሩልንም፤ እኔም ዛሬ ፊታቸውን ላስታውስ ብሞክር ዓይናቸውና ግንባራቸው ተሟልቶ አይመጣልኝም። የሸራው ሐይቅ፣ በክር የታሰረው ማበጠሪያ፣ ዘንበል ያለችው ጠረጴዛ፣ የኮምጣጤው ሽታ ግን አንድም ሳይጎድል ይመጣሉ። ትዝታ ፊቱን አደብዝዞ ዳራውን ያኖራል፤ ስክሪፕቱ ፊቱን አኑሮ ዳራውን ያጠፋል። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢቀር ኖሮ ግማሹን ሰው አጥቼ እቀር ነበር። ከሥዕሉ ተቆርጦ በወጣው ዳራ ውስጥ፣ ከመምህሬ የቀረችው ብቸኛዋ ምስል ነበረችና።

ክሊፕቦርድ በተለመደው አሠራሩ የሚያስታውሰው የመጨረሻውን ነገር ብቻ ነው፤ አዲስ ነገር ሲገባበት የቀደመው ይለቅቃል። እንዲህ ባለ ማረፊያ ውስጥ የሚሠራ ትእዛዝ ዋናውን ሥዕል ሳያስቀምጥ ለውጡን ብቻ ቢመልስ፣ ባለቤቱ ሳያውቅ የጠፋውን ነገር የሚመልስለት አይኖርም። ስለዚህ የእኅቴን ልጅ አንድ ነገር ለመንኋት፤ እርሷም ሰማችኝ። የትእዛዙ የመጀመሪያ ሥራ፣ ማናቸውንም ነጥብ ከመንካቱ በፊት፣ የመጣለትን ሥዕል እንዳለ ከነቀኑ ለብቻው ማስቀመጥ ሆነ። ዳራ የማጥፋቱ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው።

እንዲህ ያሉ ትእዛዞችን ለምትጽፉ ወጣቶችና በየቤታችሁ አሮጌ ፎቶግራፍ ላላችሁ ወገኖቼ የምለው ይኸው ነው። ዳራን ማጥፋት ነውር የለበትም፤ መምህሬም ዕድሜያቸውን የፈጸሙበት ሙያ ነው። ነገር ግን ዋናውን አትደምስሱ፤ በላዩም አትጻፉበት። ኔጌቲቭ ያላችሁ ሣጥናችሁን ክፈቱ፤ የኮምጣጤ ሽታ ካለው ፊልሙ መፍረስ ጀምሯልና፣ የሚወጣው አሲድ ጤነኞቹን እንዳይጎዳ ለይታችሁ በቀዝቃዛና በደረቅ ሥፍራ አኑሩት፤ ጊዜ ሳትሰጡም ከነጠርዙ በስካነር አንሡት፣ የተጀመረው መፍረስ ወደ ኋላ አይመለስምና። በሥዕሉ ውስጥ ያለው ማን እንደሆነ፣ የት እንደተነሣ፣ ከበስተኋላውም የሚታየው ምን እንደሆነ የሚያውቁ ሽማግሌዎች በሕይወት ሳሉ ጠይቃችሁ ጻፉ።